ቤተ መጻሕፍትና ቅሬ (የወሎ እድር) ተባብረው የጎዳና ተዳዳሪን እንዴት ይርዱ?

ደሴ 2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት፤ ከኅዳር እስከ ጥር በረንዳ ላይ ያደረ ሰው እንቅልፍ አያገኝም። ጧት ቤተ መጻሕፍት ገብቶ ሞቅ ሲለው ቢያንቀላፋ አይባረር። ማስቲሽ መሳብና ሰው መረበሽ ግን ያስወጣ፤ ደንቡም ለተማሪው እኩል ይሥራ። በሩ ላይ "መታወቂያ አስይዝ" ይቅርና ቁጥር የተጻፈበት ካርቶን ይሰጠው፤ ጥበቃው ጓዙን የያዘበትን ማዳበሪያ በዚያው ቁጥር ይረከበው። ጓዝህን ውጭ ጣል ከተባለ አይገባም፤ ያለው ንብረት እሱ ብቻ ነው።

አንባቢዎች ስለ ቅማል ሲያማርሩ ስጋታቸው አይናቅ። የልብስ ቅማል ትኩሳት ግርሻንና ተስቦን ያስተላልፋል። ቅማሉ የሚኖረውም እንቁላሉን የሚጥለውም ልብሱ ስፌት ውስጥ ስለሆነ ልብሱን መቀቀል ያስፈልጋል። እዚህ ላይ ቅሬው ይምጣ፦ ድንኳኑም ትልልቁ ድስትም ለቅሶ በሌለበት ቀን ያለ ሥራ ተቀምጧል።

ከሁሉ በፊት ቅያሪ ልብስና ጋቢ ይዘጋጅ። ብዙ ጊዜ ሥራው የሚበላሸው እዚህ ነው፤ አንድ ልብስ ብቻ ያለው ሰው አውልቆ ራቁቱን አይጠብቅም። ለወንድና ለሴት ድንኳኑ ይለይ፤ ለእያንዳንዱ ሰው አንድ ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ሙቅ ውሃና ሳሙና ይቅረብ። ልብሱ ውሃው ከፈላ በኋላ 30 ደቂቃ ይቆይ። የማይቀቀል ካፖርት ፕላስቲክ ከረጢት ውስጥ ጥብቅ ተደርጎ ታስሮ 2 ሳምንት ይቀመጥ። ብርድ ልብሱ ከተረሳ ቅማሉ በዚያው ሌሊት ይመለሳል። ደሴ ላይ ወፍራም ልብስ ቶሎ አይደርቅም፣ ስለዚህ በጧት ይጀመር፤ ኮምቦልቻ ሞቃት ስለሆነች ይቀላል።

ትኩሳትና ቁርጥማት ያለበት ሰው በዚያው ቀን ጤና ጣቢያ ይወሰድ። ግርሻ ለቀቅ አድርጎ ከሳምንት ገደማ በኋላ ስለሚመለስ "ተሽሎታል" ተብሎ አይተው። መድኃኒቱን ከወሰደ በኋላም በጥቂት ሰዓታት ውስጥ በኃይል ሊያንቀጠቅጠውና ሊብስበት ይችላል፤ ስለዚህ ጤና ጣቢያው እንዲያስተኛው ይጠየቅ፣ ያን ሌሊት በረንዳ ላይ ብቻውን አይደር።

ለፋይዳ ምዝገባ ማስረጃ የሌለውን ሰው፣ ራሱ የተመዘገበ ሰው ሊመሰክርለት ይችላል፤ የሚያውቀው የቅሬ አባል አብሮት ይሂድ። ከቤት የኮበለለ ልጅ ግን መጀመሪያ ላይ ስሙን ቀይሮ ሊናገር ስለሚችል፣ እስኪለምዳችሁ ድረስ ለምዝገባው አትቸኩሉ።