400 መስመር የሆነ ሜተድ ስታገኙ፡ ችግሩ፣ መነሻውና መፍትሄው

ጅማ ላይ ለአንድ ቡና አቅራቢ መጋዘን የተሰራ የቆየ ሲስተም እንዳስተካክል ተሰጠኝ፣ ጃቫ ነው፣ ስከፍተው አንድ ሜተድ (ስም ተሰጥቶት አንድ ስራ የሚሰራ የኮድ ቁራጭ) ብቻውን 400 ምናምን መስመር። ስሙ ክፍያ አስላ ይላል ግን ሚዛን ይቀበላል፣ የጆንያ ክብደት ይቀንሳል፣ ፈረሱላውን ወደ ኪሎ ይቀይራል፣ ገበሬው የወሰደውን ቀብድ ያነሳል፣ ዳታቤዝ ላይ ይጽፋል፣ ደረሰኝም ያትማል። የቀረው ቡናውን ቆልቶ ማፍላት ብቻ ነበር። እንደዚህ አይነት ኮድ ለወደቀባችሁ ልጆች ያጋጠመኝን ልጻፍላችሁ።

ችግር፡ አንዱ ጋ ስትነካው ሌላ ቦታ ይበላሻል

የቀብዱን ሂሳብ ላስተካክል ገብቼ ደረሰኙ ላይ ያለው ኪሎ ተዛባብኝ፣ ግማሽ ቀን ፈጀብኝ።

መነሻው፡ ጠቅላላ የሚባል ቫሪያብል (ቁጥር የሚያዝበት ስም) አለ፣ ላይ ላይ ኪሎ ነው፣ መሃል ላይ በዋጋ ተባዝቶ ብር ይሆናል፣ ታች ደግሞ ቀብድ ተቀንሶለት የተጣራ ብር። ሜተዱ ስለረዘመ ሶስቱን ባንዴ ስክሪን ላይ አታያቸውም።

መፍትሄው፡ ሜተዱን ለመቁረጥ አትቸኩል፣ መጀመሪያ ቫሪያብሉን ለሶስት ክፈለው፣ ጠቅላላ ኪሎ፣ ጠቅላላ ብር፣ የተጣራ ክፍያ። ከዛ በኋላ ኮዱ የት ጋ መቆረጥ እንዳለበት ራሱ ያሳይሃል፣ ጠቅላላ ኪሎ ስራውን የሚጨርስበት መስመር የመጀመሪያው መቁረጫህ ነው።

ችግር፡ ያለ ኮሜንት አይነበብም

በየ30 መስመሩ "እዚህ ጋ ጆንያ ይቀነሳል"፣ "እዚህ ጋ ፈረሱላ" እያለ ኮሜንት (ለሚያነበው ሰው የሚተው ማስታወሻ) ተጽፎበታል። እሱ ኮሜንት የአዲሱ ሜተድ ስም ነው በቃ፣ የጻፈው ልጅ ስሙን አውጥቶለት ሜተዱን ሳይሰራው ቀርቷል። ኮድ መጻፊያህ ኢንተሊጄ ከሆነ ኮዱን መርጠህ ኮንትሮል ኦልት ኤም፣ ቪኤስ ኮድ ላይ ኮንትሮልና ነጥብ፣ ኮሜንቱን ስም አድርገህ አውጣው።

ቁጥሮቹ ላይ ግን ተጠንቀቅ። 17 የሚል ቁጥር አምስት ቦታ አለ፣ ቡና አገር ያደገ ሰው አንድ ፈረሱላ 17 ኪሎ እንደሆነ ያውቃል፣ ስለዚህ እኔም አምስቱንም ባንዴ ፈረሱላ በሚል ስም ልተካቸው ነበር። ለካ አንዱ 17 ደረሰኙ ላይ የስም ቦታ ስፋት ነው! ቁጥር ስትተካ አንድ በአንድ እያየህ።

ችግር፡ ኢፍ ውስጥ ኢፍ ውስጥ ኢፍ

ኢፍ ("እንዲህ ከሆነ" የሚለው ትእዛዝ) ሲደራረብ ኮዱ ወደ ቀኝ እየሸሸ ከስክሪን ይወጣል። የማያስኬደውን ነገር እላይ በር ላይ መልሰው፣ ሚዛኑ ዜሮ ከሆነ ተመለስ፣ ገበሬው ካልተመዘገበ ተመለስ። ዋናው ስራ ከዛ በታች ያለ ኢፍ ቀጥ ብሎ ይወርዳል።

ችግር፡ ቆራርጠህ ጨርሰህ ባሰበት

ክፍል አንድ፣ ክፍል ሁለት የሚባሉ ሜተዶች፣ እያንዳንዳቸው ዘጠኝ ፓራሜትር (ከውጭ የሚሰጣቸው መረጃ) ይቀበላሉ። መነሻው በመስመር ብዛት መቁረጥ ነው። ስም ካጣህለት ቦታው ልክ አይደለም፣ መልሰህ አስገባውና ሌላ ቦታ ሞክር። ሁሌ አብረው የሚሄዱትን ክብደት፣ ጆንያና ቀን ደግሞ ሚዛን በሚል አንድ ክላስ ውስጥ ባንድ ላይ አስቀምጣቸው፣ ፓራሜትሩ ይቀንሳል። ከላይ እስከታች እንደ ወሬ የሚነበብ 60 መስመር ካለህ እኔ በበኩሌ አልነካውም፣ አምስት መስመር ካልሆነ የሚሉ ሰዎች አሉ፣ አልስማማም።

ችግር፡ ኮዱ አማረ፣ ብሩ ተለወጠ

ይሄ ነው የሚያስፈራው። 5.5 ፈረሱላ 93.5 ኪሎ ነው፣ የድሮው ኮድ ከማባዛቱ በፊት ወደ 94 ያጠጋጋው ነበር፣ እኔ ሳወጣው ማጠጋጋቱን ሳላውቅ ጣልኩት። ኪሎው 200 ብር ቢሆን 100 ብር ከገበሬው ኪስ ወጣ ማለት ነው።

መነሻው ያለ ቴስት (ውጤቱ እንዳልተለወጠ የሚያሳይ ሙከራ) መጀመሬ ነው። መፍትሄው፡ ምንም ሳትነካ በፊት 30 የሚሆኑ የድሮ ደረሰኞች ውሰድ፣ የገባውንና የወጣውን መዝግብ፣ ቀብዱ ከክፍያው የበለጠበት፣ ግማሽ ኪሎ ያለበት፣ እንደዚህ ጣጣ ያለባቸውን አትዝለል። ከዛ አንድ ሜተድ ባወጣህ ቁጥር ኮዱን በነዚህ ደረሰኞች ታስኬደዋለህ፣ ልክ ከሆነ ኮሚት ታደርጋለህ (ለውጡን መዝግበህ ታስቀምጣለህ)፣ መብራት ቢሄድም ላፕቶፑ ቢዘጋም የት እንደደረስክ ታውቃለህ። ባግ (የኮድ ስህተት) የሚመስል ነገር ብታይ ደግሞ እዛው አታስተካክለው፣ ጻፈውና ለብቻው ጠይቅ።

እኔም ማጠጋጋቱን መልሼ አስገብቼ፣ ስህተት ነው ብዬ ስላሰብኩ ባለቤቱን ሄጄ ጠየቅኳቸው። ሀጂ ሳቁብኝ፣ "ግማሽ ኪሎ ሲመጣ ለገበሬው ነው፣ እኔ ነኝ እንደዛ አድርጉት ያልኩት" አሉኝ። 400 መስመር ውስጥ ያ አንድ መስመር ኮሜንት እንኳን የለውም ነበር፣ አሁን ለብቻው ሜተድ ነው፣ ስሙም ግማሹ ለገበሬው።