ቦይለሩ ለምን አያሞቅም?

ባህር ዳር ሞቃት ናት ብሎ ቦይለርን ችላ የሚል ባለ ፔንሲዮን አይጠፋም። ታህሳስ ላይ፣ የጣና ብርድ ገና ሳይለቅ እንግዳው ቀዝቃዛ ሻወር ስር ገብቶ ይጮሃል። ቀጥሎ የኔ ስልክ ይጮሃል።

ሽፋን ከመፍታታችሁ በፊት ብሬከሩን አጥፉ። መብራት አለመኖሩንም በቴስተር እዩ።

ጭራሽ አያሞቅም

ቴርሞስታቱ (የሙቀት መቆጣጠሪያው) ላይ ያለችውን ትንሽ ቁልፍ ተጫኗት። ሙቀቱ ከልክ ሲያልፍ መብራት የምትቆርጠው እሷ ናት። ደጋግማ ከቆረጠች ቴርሞስታቱን ቀይሩ። እሱን ዘሎ መብራቱን በሽቦ ማሳለፍ ግድግዳ ላይ ቦምብ መስቀል ነው።

እሷ ደህና ከሆነች ሬዚስታንሱን (ውሃውን የሚያሞቀውን ብረት) ከሽቦው ነጥላችሁ በቴስተር ለኩ። ለ220 ቮልት የተሠራ የ1500 ዋት ሬዚስታንስ ወደ 32 ኦም ያሳያል። ምንም ካላሳየ ተቃጥሏል።

ግን ለምን ተቃጠለ? ሽምብጥ አካባቢ አንድ ፔንሲዮን ውስጥ በሁለት ወር ሦስት ሬዚስታንስ ቀይሬያለሁ። ባለቤቷ «ልጄ፣ ዕቃው ፎርጅድ ነው መሰለኝ» ይሉኛል። እኔም «ይሆናል እትዬ» እላለሁ። ሦስተኛው ጠቁሮና ተሰንጥቆ ሲወጣ ነው ቀና ብዬ ቧንቧውን ያየሁት። ቀዝቃዛው መግቢያ ላይ ሴፍቲ ቫልቭ የለም! ቫልቩ ግፊት ያስተነፍሳል፣ ውሃውም ወደ ኋላ እንዳይመለስ ይይዛል። ውሃ ሲጠፋ እንግዳው ቧንቧውን ከፍቶ ይሞክርና ሳይዘጋ ይሄዳል። በዚያ አየር ይገባል፤ የቦይለሩ ውሃ በመጣበት መስመር ተንሸራትቶ ይወርዳል። ሬዚስታንሱ ባዶ ጋን ውስጥ ይነዳል። ቫልቩን ቀስቱ ወደ ቦይለሩ እንዲያይ አድርጌ አሰርኩት። ከዚያ ወዲህ አልተደወለልኝም።

አዲስ ስትተክሉም መጀመሪያ የሙቅ ውሃውን ቧንቧ ክፈቱ። መንፋቱን ትቶ ውሃው ቀጥ ብሎ ሲወርድ ብቻ ብሬከሩን አብሩ።

ለብ ይላል እንጂ አይሞቅም

ቮልቴጁን ለኩ። ሰፈሩ ሁሉ ምጣድ ሲጥድ መብራቱ ይደክማል። 180 ቮልት ላይ 1500 ዋቱ ወደ 1000 ይወርዳል። 50 ሊትር ውሃ ከ20 ወደ 60 ዲግሪ ለማድረስ አንድ ሰዓት ተኩል ይበቃ የነበረው ከሁለት ሰዓት በላይ ይፈጃል። ቴርሞስታቱን አትንኩ፤ ሌሊት በታይመር አሙቁት። ቮልቴጁ ደህና ከሆነ ሬዚስታንሱ ነጭ ቅርፊት ይዞ ይሆናል፤ አውጥታችሁ አጽዱት፣ ስትመልሱት ጓርኒሲዮኑን (ማሸጊያ ጎማውን) ቀይሩ።

ይነዝራል ወይም ብሬከር ይጥላል

ወዲያው አጥፉ፣ ማንም እንዳይታጠብ። አብዛኛውን ጊዜ ሬዚስታንሱ መብራት ወደ ታንከሩ እያሳለፈ ነው፤ ይቀየር። ኧርዝ (የመሬት ሽቦ) መኖሩንም አረጋግጡ። ኧርዙን ነቅሎ «አሁን አይጥልም» የሚል ሠራተኛ ካጋጠማችሁ አሰናብቱት።

ቫልቩ ያንጠባጥባል

ሲያሞቅ ብቻ ከሆነ ጤነኛ ነው፤ ውሃ ሲሞቅ ይሰፋል። በጨርቅ እንዳትወትፉት። ቀዝቅዞም ካላቆመ እጀታውን አንስታችሁ ጥቂት ውሃ አፍስሱ፣ አሸዋ ገብቶበት ይሆናል። እምቢ ካለ ቀይሩት። ወለሉ እንዳይረጥብ ቀጭን ጎማ ሰክታችሁ ወደ ፍሳሹ ምሩት።