የድሮ ቃና ያለው ሙዚቃ ለፊልም ስትመርጡ

በ1960ዎቹ የአዲስ አበባ ባንዶች ቃና አዲስ የተሠራ የመሣሪያ ሙዚቃ ለፊልም ስትመርጡ፣ ብቻውን ሰምታችሁ አትወስኑ። ንግግር ያለበት ትዕይንት ሥር ዝቅ አድርጋችሁ አጫውቱት። ሳክስፎን የሚጫወተው የሰው ድምፅ በሚያርፍበት መካከለኛ ከፍታ ላይ ስለሆነ ቃላቱን ይውጣቸዋል፤ አቀናባሪውን ያለ ሳክስፎን የተዘጋጀ ቅጂ ጠይቁት። ከዚያ ጸጥ የሚልበትን ቦታ በጆሮ ማዳመጫ ስሙ። የድሮ ሸክላ ኮሽታ አንድ ዓይነት ሆኖ እየተመላለሰ ከመጣ በኮምፒውተር የተለጠፈ ሊሆን ይችላል፤ እኔን ወዲያው ከታሪኩ ያስወጣኛል። የድሮው ለዛ ያለው ድራሙ ትንሽ ዘግየት ሲል፣ የትንፋሽ መሣሪያ ተጫዋቾቹ አንድ ክፍል ውስጥ አብረው ሲተነፍሱ ነው። ቅኝቱንም አስተውሉ፤ ትዝታ ሜጀርና ትዝታ ማይነር አንዱን ትዕይንት ሁለት የተለያየ ስሜት ያለብሱታል። ዜማው የቆየ ከሆነ ደግሞ የዜማ ደራሲውን ፈቃድ በጽሑፍ ሳትይዙ ኤዲቲንግ አትጀምሩ።