ጤና ሲያስቸግር የሙዚቃ መድረክን እንዴት ፎቶ ማንሳት ይቻላል?

የቀጥታ ሙዚቃን ፎቶ ማንሳት አድካሚ ነው። ጨለማው፣ ጩኸቱ፣ ጭሱ፣ ግፊያው አለ፤ በዚያ ላይ ለሰዓታት መቆም። ጤነኛውን የሚያሰለች ነገር ሁሉ ለታመመ ሰው እጥፍ ይሆናል። ደግነቱ፣ የሰፈር ባንዶች በሚጫወቱባቸው ትንንሽ አዳራሾች መድረኩ ጥቂት ሜትሮች ብቻ ስለሚርቅ ከባድ ሌንስ መሸከምም ሆነ ወዲያ ወዲህ መሯሯጥ ግድ አይደለም። አንድ ወንበር፣ አንድ ሌንስና 40 ደቂቃ ያህል ጉልበት ይበቃል፤ ዋናው ጥያቄ ወንበሩ የት ይቀመጥ፣ 40ው ደቂቃስ በየትኞቹ ዘፈኖች ላይ ይዋል የሚለው ነው።

ደረጃ 1፦ ሕመምዎን ከአዳራሹ ጋር ያገናዝቡ

ከካሜራው በፊት የሚታሰበው የራስ ገላ ነው። አስም ላለበት ሰው ዋናው ችግር የጭስ ማሽን ነው። የመብራቱ ጨረር ጎልቶ እንዲታይ የሚለቀቀው ጭስ ብዙውን ጊዜ ከውሃና ከግላይኮል ወይም ከውሃና ከግሊሰሪን የሚሠራ ሲሆን የአየር ቧንቧን ሊቆጠቁጥ ይችላል። ማሽኑ ከየት በኩል እንደሚነፋ አስቀድሞ ጠይቆ በተቃራኒው ጎን መቀመጥ ነው። የአስም መንፊያውም ኪስ ውስጥ እንጂ ቦርሳ ውስጥ አይሁን፤ ትንፋሽ ባጠረ ሰዓት በጨለማ ቦርሳ መበርበር ከባድ ነው።

የሚጥል በሽታ ካለባቸው ሰዎች መካከል በብልጭታ የሚነሳባቸው 3 ከመቶ ገደማ ብቻ ናቸው። እርስዎ ከእነሱ አንዱ ከሆኑ ግን በሰከንድ ከ3 እስከ 30 ጊዜ የሚብለጨለጭ መብራት አደገኛ ነው። ስትሮብ መብራት (በፍጥነት እየበራ የሚጠፋ መብራት) በብዛት የሚጠቀም ዝግጅት ከሆነ መቅረት ይሻላል። ብልጭታው በድንገት ከጀመረ ዓይንን መጨፈን አይበቃም፤ ብርሃኑ በዓይን ቆብ ውስጥ ያልፋል። አንዱን ዓይን በመዳፍ ሙሉ በሙሉ ሸፍነው ፊትዎን ያዙሩ።

የልብ ምት ማስተካከያ የተገጠመለት ሰው ደረቱን ትልልቅ ስፒከሮች ላይ አያስደግፍ፤ ውስጣቸው ጠንካራ ማግኔት አለ። ለሌላውም ሰው ቢሆን ስፒከር ፊት መቀመጥ ጆሮን መጉዳት ነው። 85 ዴሲቤል (የድምፅ ኃይል መለኪያ) ለ8 ሰዓት ይቻላል ከተባለ፣ ድምፁ በ3 ዴሲቤል በጨመረ ቁጥር ሰዓቱ በግማሽ ስለሚቀንስ 100 ዴሲቤል ላይ 15 ደቂቃ ብቻ ይቀራል። ጥጥ ወይም የተጠቀለለ ሶፍት ብዙ አይረዳም፤ ለዚሁ ተብሎ የተሠራ የጆሮ መሰኪያ ያድርጉ።

ሥር የሰደደ ድካም የሚያስከትሉ ሕመሞች ደግሞ ያታልላሉ። በዕለቱ ምንም ያልተሰማው ሰው ከአንድ ወይም ከሁለት ቀን በኋላ አልጋ ላይ ሊውል ይችላል። ስለዚህ የዝግጅቱን ቀን ሲይዙ ቀጥለው የሚመጡትን ሁለት ቀናትም ባዶ ያድርጓቸው።

የመድኃኒት ሰዓት ከዝግጅቱ ጋር ከተጋጨ ሐኪምዎን ሳያማክሩ አይቀይሩ። ፕሮግራም ሁሌም ይዘገያል፤ የምሽቱን መድኃኒት ይዘው ይሂዱ።

ደረጃ 2፦ ወንበሩን አስቀድመው ይጠይቁ

ለባንዱ ወይም ለአዘጋጁ ከዝግጅቱ አንድ ሳምንት በፊት አጭር መልእክት ይላኩ፦

«ጤና ይስጥልኝ። ቅዳሜ ባላችሁ ዝግጅት ላይ ፎቶ ባነሳላችሁ ደስ ይለኛል። ለረጅም ሰዓት መቆም ስለማልችል ከመድረኩ ጎን አንድ ወንበር ባገኝ ይበቃኛል። ሳውንድ ቼክ በስንት ሰዓት ይጀመራል? ጭስና ስትሮብ መብራትስ ትጠቀማላችሁ? ፍላሽ አልጠቀምም። የተመረጡ 15 ፎቶዎች በ10 ቀን ውስጥ እልክላችኋለሁ።»

ሳውንድ ቼክ ማለት ከዝግጅቱ በፊት የሚደረገው የመሣሪያና የድምፅ ፍተሻ ነው። የሕመሙን ስም መናገር አያስፈልግም፤ አዘጋጁ ማወቅ ያለበት የወንበሩን ጉዳይ ነው። 10 ቀን የተባለውም ሆን ተብሎ ነው። በ4 ቀን ቢያደርሱ የሚቀየም የለም፤ «ነገ» ብሎ መዋል ግን ባንዱንም እርስዎንም ያስጨንቃል። ብዙ ባንዶች የሚጫወቱ ከሆነ የሚፈልጉት ባንድ መድረክ ላይ የሚወጣበትን ሰዓት ለይተው ይጠይቁ።

ደረጃ 3፦ ቦርሳውን ያቅልሉ

ትልቅ ካሜራና ከ70–200 ሚሊሜትር ኤፍ 2.8 ሌንስ አንድ ላይ ከ2 ኪሎ በላይ ይመዝናሉ። (ሚሊሜትሩ ሌንሱ ምን ያህል እንደሚያቀርብ፣ የኤፍ ቁጥሩ የብርሃን ቀዳዳው ምን ያህል እንደሚከፈት ያሳያል፤ የኤፍ ቁጥሩ ሲያንስ ቀዳዳው ይሰፋል።) ትንሽ ሚረርለስ (ውስጡ መስታወት የሌለው) ካሜራ ከ50 ሚሊሜትር ኤፍ 1.8 ሌንስ ጋር ግን 700 ግራም አካባቢ ነው፤ ኤፍ 1.8 ደግሞ ከኤፍ 2.8 ከእጥፍ በላይ ብርሃን ያስገባል። ቀላሉ ሌንስ ጨለማ ውስጥም የሚበልጥበት አጋጣሚ ይህ ነው። ሴንሰሩ (ብርሃኑን ተቀብሎ ምስል የሚያደርገው ክፍል) ትንሽ በሆነ ካሜራ 35 ሚሊሜትር ለባንዱ በጠቅላላ፣ 50 ሚሊሜትር ለአንድ ሰው ይመቻል። ለአንድ ምሽት አንዱን መርጠው ይሂዱ። በጨለማ ሌንስ መቀያየር ለሚያመው ጣት ፈተና ነው።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ነገር አለ። የመገጣጠሚያ ሕመም ያለበት ሰው ክብደት ሽሽት እጅግ ትንሿን ካሜራ ይገዛል፤ ነገር ግን መያዣ የሌላት ካሜራ በጣት ጫፍ መቆንጠጥን ስለምትጠይቅ የበለጠ ታሳምማለች። መዳፍን የሚሞላ መያዣ ያላት፣ 100 ግራም ብትከብድም ትሻላለች። ማሰሪያውን አንገት ላይ ሳይሆን ከትከሻ ወደ ተቃራኒው ጎን አሻግረው ይልበሱት። ቁልፍ መጫን የሚያምዎ ከሆነ የብሉቱዝ ወይም ባለ ሽቦ ሪሞት በአውራ ጣት ወይም በመዳፍ መጫን ይቻላል።

ከካሜራው ሌላ የሚያዘው ይህ ነው፦ ትርፍ ባትሪ፣ አስቀድሞ የጸዳ ሜሞሪ ካርድ፣ የጆሮ መሰኪያ፣ መድኃኒት፣ ውሃ፣ ትንሽ የእጅ ባትሪ፣ እንዲሁም ሕመምዎንና የቅርብ ሰው ስልክ ቁጥር የያዘ ወረቀት። የስኳር ሕመምተኛ 15 ግራም ፈጣን ስኳር ይጨምር።

ደረጃ 4፦ ሳውንድ ቼክን አይለፉት

ዝግጅቱ ከመጀመሩ በፊት ሙዚቀኞቹ መሣሪያቸውን የሚፈትሹበት ሰዓት ለታመመ ፎቶ አንሺ የተዘጋጀ ስጦታ ነው ማለት ይቻላል። ሰው የለም፣ ጭስም ብዙ ጊዜ የለም፣ ድምፁ እየተነሳ ይቋረጣል፣ መቀመጫው ሁሉ ባዶ ነው። ብዙ ጊዜ የሚበራው ተራ ነጭ መብራት ስለሆነ የቆዳ ቀለም ሳይዛባ ይወጣል። ድምፃዊው ማይኩን ሲያስተካክል፣ ድራመሩ አንገቱን ዘንበል አድርጎ ሲያዳምጥ፣ ሁለቱ ጊታሪስቶች ስለ አንድ ኖታ ሲከራከሩ የሚነሳው ፎቶ ከዋናው ዝግጅት የማይገኝ ነው። አቅምዎ አንዱን ብቻ የሚፈቅድ ቀን ከሆነ ዋናውን ዝግጅት ትተው ሳውንድ ቼኩን ይምረጡ። ይህን የምንለው ለማጽናናት አይደለም፤ ባንዶቹ ራሳቸው ለፖስተር እነዚህን ፎቶዎች ሊፈልጓቸው ይችላሉ።

በዚያው ሰዓት ወንበርዎን ያስቀምጡ። ፊት ለፊት መሀል ላይ አይሁን፤ ማይኩ የድምፃዊውን አፍ ይሸፍነዋል። ከመሀል ከ30 እስከ 45 ዲግሪ ወደ ጎን ዞር ቢሉ አገጩ፣ ከንፈሩና ዓይኑ ይታያሉ። ቀኝ እጁ የሚመታ ጊታሪስት የጊታሩ አንገት ወደ ተመልካቹ ቀኝ ስለሚያመለክት ከቀኝ ቢቀመጡ ክሩን የሚይዙት ጣቶች፣ ከግራ ቢቀመጡ የሚመታው እጅ ይቀርብዎታል። ድራመሩ በሲምባሎቹ መሀል የሚታይበትን ክፍተት ይፈልጉ። መድረኩ ከ1 ሜትር በላይ ከፍ ካለ ተቀምጦ ማንሳት የአፍንጫ ቀዳዳ ብቻ ስለሚያሳይ ወደ ኋላ ራቅ ይበሉ። መውጫውም ሰው ሳያቋርጡ የሚደርሱበት ይሁን።

ደረጃ 5፦ ካሜራውን አስቀድመው ያስተካክሉ

በማንዋል (ማስተካከያውን እርስዎ በሚወስኑበት ሁነታ) አፐርቸሩን (የሌንሱን ቀዳዳ) ኤፍ 1.8 ወይም 2፣ የሹተር ፍጥነቱን (ብርሃን የሚገባበትን ጊዜ) 1/250 ሰከንድ ያድርጉ፤ አይኤስኦውን (ካሜራው ለብርሃን ያለውን ስሜት) አውቶማቲክ አድርገው ጣሪያውን 6400 ላይ ያስሩ። ፋይሉ ሮው (ካሜራው ያልጨመቀው፣ በኋላ ለማስተካከል የሚመች ፋይል) ይሁን። ኤክስፖዠሩን (የፎቶውን ብርሃን መጠን) ከ0.7 እስከ 1 ስቶፕ ይቀንሱ (አንድ ስቶፕ መቀነስ ብርሃኑን በግማሽ ማሳነስ ነው)፤ ካሜራው የጀርባውን ጥቁረት አይቶ ሁሉን ለማብራት ሲሞክር ፊትን ከመጠን በላይ ያነጣዋል። ለድራመር 1/500 ካልሆነ ዱላው ይደበዝዛል።

እጅ የሚንቀጠቀጥ ከሆነ ሒሳቡ ይለወጣል። የተለመደው ደንብ በ50 ሚሊሜትር ሌንስ 1/50 ይበቃል ይላል፤ ለሚንቀጠቀጥ እጅ ቢያንስ አራት እጥፍ፣ ማለትም ከ1/200 አይውረዱ። የካሜራው የንዝረት መከላከያ የእጅዎን መንቀጥቀጥ እንጂ የድምፃዊውን ዝላይ አያቆምም። አይኤስኦ መጨመር ፎቶውን ሻካራ ቢያደርገው አይፍሩ፤ ሻካራው በኮምፒውተር ይለሰልሳል፣ የደበዘዘው ግን የደበዘዘ ነው። ቦርሳውን ጭንዎ ላይ አድርገው ክርኖችዎን ያስደግፉበት፣ አየር አስወጥተው ሲጨርሱ ከ3 እስከ 4 ፎቶ በተከታታይ ያንሱ። ቁልፉን መጫን የመጀመሪያውን ስለሚያነቃንቀው ጥርት ያለው አብዛኛውን ጊዜ መሀል ላይ ያለው ነው።

ፎቶው ላይ አግድም ጥቁር ሰንበሮች ከታዩ ጥፋቱ የኤልኢዲ መብራትና የድምፅ አልባው (የኤሌክትሮኒክ) ሹተር ግጭት ነው። ወደ ሜካኒካል ሹተር ይቀይሩ፤ ካልለቀቀ ወደ 1/125 ዝቅ አድርገው ይሞክሩ። ፊት በሰማያዊ ወይም በቀይ ብርሃን ተውጦ ቅርጹ ከጠፋ አንዱ ቀለም ከመጠን አልፏል ማለት ነው። ኤክስፖዠሩን ይቀንሱ፣ ወይም ያንን ፎቶ በኋላ ጥቁርና ነጭ ያድርጉት።

ደረጃ 6፦ ዘፈኖቹን ይከፋፍሉ

የመጀመሪያውን ዘፈን ካሜራውን ሳያነሱ ይመልከቱ። መብራቱ የራሱ ዙር አለው፤ ነጩ መቼ እንደሚመጣ ካወቁ በኋላ መጠበቅ ብቻ ነው። ሁለተኛውና ሦስተኛው ለድምፃዊው ይሁኑ። ስንኙ ሲያልቅ ከማይኩ ፈቀቅ የሚልባትን ቅጽበት ይጠብቁ። አራተኛው ላይ እረፍት፣ ካሜራው ጭን ላይ። ከዚያ ጊታሪስቶቹ፣ ድራመሩ፣ መጨረሻ ላይ ባንዱ በጠቅላላ። ስልክዎን 40 ደቂቃ ላይ እንዲንዘር ያድርጉት። 150 ፎቶ በቂ ነው፤ ከዚያ በላይ ያነሱት እያንዳንዱ ፎቶ በኋላ የመምረጫ ጉልበት ይጠይቃል።

ማስተካከያው ሳይነካ ሦስት አራት ፎቶ ተከታትሎ ከደበዘዘ ካሜራውን ሳይሆን ራስዎን ይመርምሩ። የእጅ መንቀጥቀጥ የደም ስኳር መውረድ ምልክት ሊሆን ይችላል፤ ከ70 ሚሊግራም በዴሲሊትር በታች ከሆነ 15 ግራም ፈጣን ስኳር ወስደው ከ15 ደቂቃ በኋላ እንደገና ይለኩ። ተቀምጠው ቆይተው ሲነሱ የሚያዞርዎ ከሆነ ከመነሳትዎ በፊት የባት ጡንቻዎን ደጋግመው ያጥብቁ፣ ይልቀቁ። የደረት ሕመም ወይም በመንፊያ ያልቀለለ የትንፋሽ ማጠር ሲመጣ ግን «ይህ ዘፈን ይለቅ» አይባልም። ወዲያውኑ እርዳታ ይጥሩ። የመጨረሻው ዘፈን ቢያመልጥም ጎመን በጤና።

ደረጃ 7፦ ከዝግጅቱ በኋላ

በዚያው ምሽት ፎቶ መምረጥ ክልክል ይሁን። ካርዱን ሁለት ቦታ ገልብጠው ይተኙ። ካረፉ በኋላ፣ ተጋድመውም ቢሆን፣ በ25 ደቂቃ ዙር ይሥሩ። በመጀመሪያው ዙር የደበዘዘውን፣ ዓይን የተጨፈነበትንና ማይክ አፍ የሸፈነበትን ብቻ ይጣሉ። በሁለተኛው 15ቱን ይምረጡ። ከእያንዳንዱ የመብራት ቀለም አንድ ፎቶ አስተካክለው ማስተካከያውን ለተመሳሳዮቹ ይገልብጡት፤ እያንዳንዱን ለየብቻ ከመሥራት ብዙ ጊዜ ይቆጥባል።

ፎቶዎቹን ሲልኩ የት እንደተቀመጡ፣ ስንት ደቂቃ እንደሠሩና የትኛው ቀን ድካሙ እንደጠናብዎ በአንድ መስመር ይጻፉ። ከሦስት አራት ዝግጅት በኋላ 40ው ደቂቃ ለእርስዎ 25 መሆን እንዳለበት ወይም 60 ሊደርስ እንደሚችል ማስታወሻው ይነግርዎታል።