የብራና መዳፍ ሙከራ ሲከሽፍ፦ ችግርና መፍትሄ

መዳፍዎን ከመዳፍዎ ጋር ሲያሹ ማይክሮፎን ድምፁን ይቀበላል፤ ቀጭኑ የድምፁ ክፍል ይጎላና ወዲያው በጆሮ ማዳመጫ ይመለስልዎታል። ያን ጊዜ ቆዳዎ እንደ ብራና የደረቀ ይመስላል። ይህን ክስተት በ1998 እ.ኤ.አ. ይፋ ያደረጉት ዩስማኪና ሃሪ የተባሉ የፊንላንድ ተመራማሪዎች ናቸው። አንጎል እጅ የነካውንና ጆሮ የሰማውን የሚያዋህደው ግን ሁለቱ ከአንድ ምንጭ የመጡ ሲመስሉት ነው። ሙከራው ሲከሽፍ መጀመሪያ መፈተሽ ያለበትም ይኸው ነው።

ድምፁ ይሰማል፣ ቆዳው ግን አይለወጥም

ምክንያቱ ብዙውን ጊዜ መዘግየት ነው። አንዴ ያጨብጭቡ፤ በማዳመጫው ሁለተኛ ጭብጨባ ተከትሎ ከተሰማ ድምፁ ዘግይቷል ማለት ነው። መዘግየቱ ወደ 100 ሚሊሰከንድ ሲጠጋ ስሜቱ ይዳከማል፤ ብሉቱዝ ደግሞ ብቻውን ይህን ያህል፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ያዘገያል። ባለ ገመድ ማዳመጫ ይጠቀሙ። በድምፅ ፕሮግራሙ ላይ ባፈሩን (ድምፁ ከመሰማቱ በፊት ለአፍታ የሚጠራቀምበትን ቋት) ወደ 128 ናሙና ያውርዱ፤ ናሙና ማለት ኮምፒውተሩ ድምፁን የሚለካበት አንዱ ቅጽበት ነው፤ በሰከንድ 48,000 ናሙና (48,000 ሄርዝ) ሲወሰድ 2.7 ሚሊሰከንድ ገደማ ይሆናል። ድምፁ መንጣጣት ከጀመረ 256 ያድርጉት። ጭብጨባው አንድ ሆኖ እስኪሰማ ድረስ ሌላ ነገር ማስተካከል ጊዜ ማባከን ነው።

ድምፁ ይቆራረጣል ወይም ይጠፋል

ኮምፒውተሩ የመታሸቱን ድምፅ እንደ ረብሻ ቆጥሮ እያጠፋው ነው። ረብሻ መቀነሻውን፣ የገደል ማሚቶ ማጥፊያውንና ድምፅን በራሱ ከፍና ዝቅ የሚያደርገውን ቅንብር ይዝጉ።

ድምፁ የታፈነ ነው

ማይክሮፎን ያለው ብሉቱዝ ማዳመጫ ወደ ስልክ ጥሪ አሠራር ሲገባ ቀጭኑን ድምፅ ይቆርጣል። በሰከንድ 8,000 ናሙና ብቻ ሲወሰድ ከ4,000 ሄርዝ በላይ ያለው ቀጭን ድምፅ ምንም አይተርፍም፤ የሌለውን ድምፅ ደግሞ ኢኳላይዘር (የድምፁን ቀጭንና ወፍራም ክፍል ለየብቻ የሚያጎላው ወይም የሚቀንሰው መሣሪያ) አያጎላውም። ናሙናውን በሰከንድ 44,100 ወይም 48,000 ያድርጉ።

ለውጡ ደካማ ነው

ከ2,000 ሄርዝ በላይ ያለውን በ15 ዴሲቤል ያጉሉ፤ አጠቃላዩን ድምፅ ግን ከዝቅታ ይጀምሩ፣ ጆሮ ይጎዳልና። እጅ ሲረጥብ ወይም ቅባት ሲኖረው ቀጭን ድምፅ አይወጣውም፤ ታጥበው በደንብ ያድርቁ። ማዳመጫው ጆሮን ሙሉ በሙሉ የሚሸፍን ይሁን፤ አለዚያ ያልተለወጠው ድምፅ በቀጥታ ገብቶ ስሜቱን ያፈርሰዋል። ከመዳፍ ሌላ ነገር የሚሞክሩ ከሆነ ደቃቅ ብርጭቆ ወረቀት ይምረጡ። ከ0.2 ሚሊሜትር ያነሱ ቅንጣቶችን ጣት የሚለየው በንዝረት ነው፤ ጆሮም የሚሰማው ንዝረትን ስለሆነ ሁለቱ በቀላሉ ይገናኛሉ። ጎላ ያለ ጉድጓድና ጉብታ ግን ቅርፁ በቆዳ ላይ ስለሚታተም ድምፅ ብዙም አያናውጠውም።

ሁሉም ሰው «ደረቀብኝ» ይላል

ምን እንደሚጠብቁ አስቀድመው ነግረዋቸው ይሆናል። ምንም ሳይናገሩ ቀጭኑ ክፍሉ በ15 ዴሲቤል የተቀነሰ፣ ያልተነካና በ15 የጎላ ድምፅ ቅደም ተከተሉን እያቀያየሩ ያሰሙ፤ ተሳታፊው ድርቀቱን ከ0 እስከ 10 ይመዝን። በመካከል የጎላውን ድምፅ በ200 ሚሊሰከንድ አዘግይተው ያስገቡ። የዘገየውም እኩል ነጥብ ካገኘ ተሳታፊው የመዘነው የሰማውን ድምፅ እንጂ የቆዳውን ስሜት አይደለም፤ ጥያቄውን «መዳፍዎ ምን ተሰማዎት?» ብለው አስተካክለው ይድገሙት።