ጀልባ የለመደ ሰው ሞተርሆም ሲይዝ የሚሠራቸው ስህተቶች

«ጀልባ እንወዳለን። ውጭ አገር ሄደን ሞተርሆም ብንከራይ ይመቸናል?» ይህ ጥያቄ በየዓመቱ ይመጣልኛል። መልሴ አንድ ነው፦ አዎ፣ ከብዙ ሰው በላይ ይመቻችኋል።

ሞተርሆም አልጋ፣ ማድቤት፣ ሽንት ቤትና የውሃ ታንከር ያለው መኪና ነው። ጀልባ ያለው ሰው ደግሞ ጠባብ ቦታ ላይ መኖር ያውቅበታል። ውሃ በሊትር ይቆጥራል። ባትሪው ስንት እንደቀረው ሳያይ አይተኛም። ጠዋት ሲነሳ መጀመሪያ ሰማዩን ያያል። ይህ ሁሉ መኪናው ላይም ያስፈልጋል።

እኔ ለዓመታት በባለ ሸራ ጀልባ ተጉዣለሁ። አሁን ሥራዬ ሞተርሆም ለተከራዮች ማስረከብ ነው። ቁልፉን ከመስጠቴ በፊት አንድ ሰዓት ያህል አብሬያቸው መኪናውን እዞራለሁ። ጀልባ የለመዱትን ከጥያቄያቸው እለያቸዋለሁ። ስለ ጋዝ፣ ስለ ውሃ፣ ስለ ባትሪ ደህና አድርገው ይጠይቃሉ። የሚያሳስበኝ ሳይጠይቁ የሚያልፉት ነው። ውሃ ላይ የጠቀማቸው ልማድ መንገድ ላይም የሚሠራ ይመስላቸዋል።

መኪናው እየሄደ ከመቀመጫ መነሳት

ከዚህ የምጀምረው ሌሎቹ ስህተቶች ገንዘብ ሲያስወጡ ይህኛው ሰው ስለሚገድል ነው።

ጀልባ ላይ አንዱ መሪ ይዞ ሌላው ወደ ታች ወርዶ ሻይ ያፈላል። ልጆች ይተኛሉ። አንዱ ካርታ ያያል፣ አንዱ ገመድ ያስተካክላል። ማንም ምንም አይለውም፤ ጉዞው ራሱ እንደዚያ ነው። እነዚሁ ሰዎች ሞተርሆም ውስጥ ሲገቡ ማድቤቱ እዚያው ነው፣ አልጋው እዚያው ነው፣ ሽንት ቤቱም እዚያው ነው። እግራቸው ሳያስቡት ይነሳል።

እስቲ ፍጥነቱን አስቡት። በ6 ኖት የሚሄድ ጀልባ በሰዓት 11 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው የሚጓዘው። ሞተርሆሙ 90 ላይ ሲሆን ፍጥነቱ 8 እጥፍ ይሆናል፤ የግጭቱ ጉልበት ግን ከ60 እጥፍ በላይ ነው። ጀልባ ደግሞ እንደ መኪና ባንዴ ቀጥ አይልም። ሞገድ ሲመጣ ታዩታላችሁ፣ እጃችሁ የሚይዘውን ይፈልጋል። ፍሬን ግን አያስጠነቅቅም።

እኔም አድርጌዋለሁ። የመጀመሪያው የሞተርሆም ጉዟችን ላይ ጓደኛዬ ይነዳል። መንገዱ ቀጥ ያለ ነው፣ ትራፊክ የለም። ቡና ላፍላ ብዬ ተነሳሁ። ውሃ የሞላሁትን ማንቆርቆሪያ ምድጃው ላይ እንዳስቀመጥኩ አንድ መኪና ከጎን ዘው ብሎ ገባብን። ጓደኛዬ ፍሬን ያዘ። ማንቆርቆሪያው በጆሮዬ ስር አልፎ የፊት መስታወቱን መታው። እኔ የማድቤቱን ጠርዝ በአንድ እጄ ይዤ ስለነበር ትከሻዬ ተጠመዘዘ፤ ለሁለት ወር ክንዴን ወደ ላይ ማንሳት አልቻልኩም። ውሃው ገና አልሞቀም ነበር። ፈልቶ ቢሆን ኖሮ የጓደኛዬ አንገት ላይ ነበር የሚደፋው። እስካሁን ሳስበው ክው እላለሁ።

ስለዚህ መኪናው ከተነሳ እስኪቆም ሁሉም ሰው ቀበቶ አስሮ ይቀመጥ። ሻይ ያማራችሁ እንደሆነ አቁሙ። ከኋላ ያለው አልጋ አልጋ የሚሆነው መኪናው ሲቆም ብቻ ነው፤ «ልጁ ደክሞታል፣ ትንሽ ይጋደም» አይባልም። ስትከራዩም አልጋ አትቁጠሩ፣ ቀበቶ ቁጠሩ። ስድስት ሰው የሚያስተኛ መኪና አራት ቀበቶ ብቻ ሊኖረው ይችላል። እባካችሁ ይህችን ነገር ቀለል አድርጋችሁ አትዩአት።

ዕቃን ለሞገድ ማሰር

ባለ ሸራ ጀልባ ወደ ጎን ነው የሚያጋድለው። ስለዚህ ዕቃ የምታስቀምጡት ወደ ጎን እንዳይንሸራተት አድርጋችሁ ነው። መኪና ግን ዕቃውን ወደ ፊት ነው የሚወረውረው። ከበድ ያለውን ወለል ላይ፣ ከመቀመጫው ጀርባ ጋር አጣብቃችሁ አስቀምጡ። ከራስ በላይ ባለው ቁም ሳጥን ውስጥ ከልብስ በቀር ምንም አይግባ።

ጣሪያን መርሳት

ይህን የሚሠሩት ባለ ሸራ ጀልባ ያላቸው ሰዎች መሆናቸው ያስገርመኛል። ምሰሶ ያለው ጀልባ የያዘ ሰው በመንገዱ ላይ ያለውን ድልድይ ሁሉ ከፍታ በቃሉ ያውቃል። የውሃው ከፍታ በየሰዓቱ ሲቀያየር እሱንም ያሰላል። ሞተርሆም ውስጥ ግን ቀና ቢል ምሰሶ አይታየውም። መሪው፣ ወንበሩ፣ ዳሽቦርዱ ሁሉ እንደ ቤት መኪናው ነው። ከራሱ በላይ ሌላ አንድ ሜትር ቤት እንዳለ ይረሳዋል።

አንድ ጊዜ ዕድሜውን በሙሉ ባሕር ላይ ያሳለፈ ሰው መኪና ወሰደ። በሦስተኛው ቀን ደወለልኝ። ድምፁ ተሰብሯል። ገበያ ሊገዛ ብሎ ከፍታ የሚገድብ አግዳሚ ብረት ያለው የመኪና ማቆሚያ ውስጥ ገብቶ ነው። የጣሪያው መስኮት ከነፍሬሙ ተገንጥሏል። ያን ቀን ዝናብ ነበር፤ አልጋው ሁሉ ራሰ። «ምሰሶዬን አንድ ቀን አስነክቼ አላውቅም» ሲለኝ አንጀቴን በላው።

በአሜሪካ፣ ሰሜን ካሮላይና፣ ደራም ከተማ የባቡር ድልድይ አለ። ከፍታው 11 ጫማ ከ8 ኢንች፣ ማለትም 3.56 ሜትር ገደማ ነበር። ከባድ መኪኖችና ሞተርሆሞች ሲመቱት በካሜራ እየተቀረጸ በዓለም ታወቀ። እ.ኤ.አ. በ2019 ወደ 3.76 ሜትር ከፍ አደረጉት፤ ከዚያ በኋላም የመቱት አሉ። ማስጠንቀቂያ ሳይኖር ቀርቶ አይደለም። ነጂው የራሱን ከፍታ ስለማያውቅ ነው።

የብዙ ሞተርሆሞች ከፍታ ከ2.7 እስከ 3.2 ሜትር ነው። የኤር ኮንዲሽነሩን ወይም የአንቴናውን ከፍታ ጨምራችሁ ቁጥሩን በትልቁ ጻፉና መሪው ፊት ለጥፉት። ስልካችሁ ላይ ያለው ተራ ካርታ የሚመራችሁ የቤት መኪና የያዛችሁ መስሎት ነው፤ የመኪናን ከፍታና ክብደት የሚቀበል መተግበሪያ ተጠቀሙ። የነዳጅ ማደያ ጣሪያና መንገድ ላይ ያዘነበለ ዛፍ ደግሞ የትኛውም ካርታ ላይ የሉም። ውሉንም አንብቡት፤ ብዙ የኪራይ ኢንሹራንስ የጣሪያ ጉዳት አይሸፍንም።

ስትታጠፉ ከኋላ ጎማ ወዲያ ያለው ረጅም ክፍል በተቃራኒው በኩል ወደ ውጭ ይወጣል። ጀልባ ከማሪና (ከጀልባ ማቆሚያ ወደብ) ስታወጡ የኋላው እንደሚጠርገው ማለት ነው። ወደ ኋላ ስትሄዱም ስፖኪዮ ብቻ አትመኑ፤ አንድ ሰው ወርዶ ይምራችሁ።

የትም መልህቅ እንደሚጣል ማሰብ

ጀልባ ይዞ ምቹ የባሕር ወሽመጥ ያገኘ ሰው ብዙ ጊዜ መልህቁን ጥሎ ያድራል። ሞተርሆም ይዞ ባሕር ዳር ሜዳ ሲያይም ያው ስሜት ይመጣበታል። መሬት ግን ባለቤት አለው፣ ሕጉም ከአገር አገር ይለያያል።

ክሮኤሽያ ከተፈቀደ የካምፕ ቦታ ውጭ ማደር ክልክል ነው፣ ይቀጣሉ። ጀርመን ውስጥ ነጂው ድካሙን እስኪያሳርፍ መኪና ማቆም በሚፈቀድበት ቦታ አንድ ሌሊት መተኛት ይቻላል፤ ወንበርና ጠረጴዛ አውጥቶ መስፈር ግን ሌላ ነገር ነው። ስፔንም በማቆምና በመስፈር መካከል ልዩነት ታደርጋለች፤ የመኪናውን የጎን ጥላ ከዘረጋችሁ ሰፍራችኋል። ኖርዌይ በሰው መሬት ላይ በእግር የመዘዋወር ነፃነቷ ዝነኛ ነው፤ ድንኳን የሚተክል ከመኖሪያ ቤት 150 ሜትር መራቅ አለበት። ይህ ነፃነት ግን መኪናን ከመንገድ አውጥቶ ሜዳ ላይ ለመንዳት አይሆንም። ኒውዚላንድ ውስጥ በብዙ ነፃ ቦታዎች ለማደር መኪናው የራሱ ሽንት ቤትና የቆሻሻ ውሃ ታንከር እንዳለው የሚያረጋግጥ ምስክር ወረቀት ያስፈልገዋል። ከመሄዳችሁ በፊት የየአገሩን ሕግ ለየብቻ አንብቡ።

ክብደት አይታይም

ጀልባ ከመጠን በላይ ሲጫን ይናገራል፤ ውሃው ላይ ያለው መስመር ይሰምጣል፣ በዓይናችሁ ታዩታላችሁ። መኪና ዝም ይላል። ዝም ብሎ ይሄድና አንድ ቀን በሙቀት ጎማው ይፈነዳል።

በአውሮፓ በተራው የቢ ምድብ መንጃ ፈቃድ የሚነዱት አብዛኞቹ የኪራይ ሞተርሆሞች ጠቅላላ ክብደታቸው በ3,500 ኪሎ የተገደበ ነው። ባዶው መኪና ራሱ 3,000 ሊጠጋ ይችላል። አራት ሰው፣ 100 ሊትር ውሃ፣ ሁለት ብስክሌት፣ የጀልባ ሰው የማይለየው የመሣሪያ ሳጥን፣ ገመድ፣ በአየር የሚነፋ ካያክ (ትንሽ ባለ መቅዘፊያ ጀልባ) ሲደመር ቀሪው አለቀ። ውሃ ሊትሩ አንድ ኪሎ ነው፤ የምትሄዱት ውሃ ወዳለበት ካምፕ ከሆነ ታንከሩን ሞልታችሁ አትጓዙ። ሁሉን ጭናችሁ ከመንገድ ዳር የጭነት ሚዛን ላይ አንድ ጊዜ ውጡ። ከ3,500 ኪሎ በላይ የሆነ መኪና በብዙ አገር የፍጥነት ገደቡም የመንገድ ክፍያውም ይለወጣል። ኦስትሪያን ብንወስድ፣ ከዚያ በታች ያለው ስቲከር ይገዛል፤ ከዚያ በላይ ያለው በተጓዘው ርቀት የሚያስከፍል መሣሪያ መግጠም አለበት።

ኤሌክትሪኩ ያው ነው ማለት

ሰማያዊው ባለ ሦስት እግር ሶኬት በብዙ ማሪናም በብዙ ካምፕም አንድ ዓይነት ነው። ሶኬቱ 16 አምፔር ይችላል፤ ካምፑ የሚሰጣችሁ ግን 6 ብቻ ሊሆን ይችላል። 6 በ230 ሲባዛ 1,380 ዋት ነው። የ2,000 ዋት ውሃ ማፍያ ስትሰኩ ብሬከሩ ይወርዳል። ጠይቃችሁ ስኩ።

ወለሉ ላይ ያለውን ቀዳዳ መድፈን

ጀልባ ያላችሁ ሰዎች የማብሰያ ጋዝ ከአየር እንደሚከብድና ወደ ታች እንደሚወርድ ከማንም በላይ ታውቃላችሁ። ሞተርሆም ይህን ጋዝ የሚያስወጣው በወለሉና በጋዝ ሳጥኑ ግርጌ ባሉ ቀዳዳዎች ነው። ጀልባ ግርጌ ላይ ቀዳዳ ማየት ስለማትወዱ ይሆናል፣ ብርድ ገባ ብላችሁ በፕላስተር ስትደፍኑት ስንቴ አየሁ! አትንኩት።

ቡቴን የሚባለው የማብሰያ ጋዝ 0 ዲግሪ አካባቢ መትነን ያቆማል፤ ፕሮፔን እስከ 42 ከዜሮ በታች ይሠራል። ለብርድ አገር ፕሮፔን ያዙ። የሲሊንደር አፍም ከአገር አገር ስለሚለያይ መቀያየሪያውን ቀድማችሁ አግኙ።

ሸራ ዘርግቶ መተኛት

ነፋስ ሳይበረታ ሸራ መቀነስ የሚያውቅ ሰው የሞተርሆሙን የጎን ጥላ ዘርግቶ እንዴት ይተኛል? እሱም እኮ ሸራ ነው። ሌሊት አንድ ጊዜ ነፋስ ከሥሩ ከገባ ክንዱን ሰብሮ ጣሪያው ላይ ይጥለዋል። ከመተኛታችሁ በፊት፣ ወጣ ስትሉም ጭምር ጠቅልሉት።

ጥቃቅን የሚመስሉት

ዕቃ ያጠባችሁበትን ውሃ መንገድ ላይ አትልቀቁ፤ ካምፑ ማፍሰሻ አለው። የሽንት ቤቱ ሳጥን 20 ሊትር ገደማ ነው፤ እስኪሞላ አትጠብቁ። በጋዝ የሚሠራው ፍሪጅ መኪናው ካዘመመ በደንብ አያቀዘቅዝም፤ ከጎማው ሥር የምትገባዋን መወጣጫ ተጠቀሙ። የማታውቁት ወደብ በጨለማ እንደማትገቡ ሁሉ ካምፕም ሳይመሽ ግቡ። በቀን 200 ኪሎ ሜትር ይበቃል።

ውሃውን ትቶ መሄድ

አንዳንዶች ጀልባውን ቤት ስለተዉ ውሃውንም መተው ያለባቸው ይመስላቸዋል። ተራራና ከተማ ብቻ አይተው ይመለሳሉ፣ ደስታቸው ግማሽ ነው። ሌሎች ደግሞ ከባሕር ዳር ፈቀቅ አይሉም፤ በበጋ መሐል መቆሚያ ፍለጋ ሲዞሩ ይውላሉ።

ወደ ውስጥ ግቡ። ስኮትላንድ ውስጥ ጀልባን ከነውሃው አንሥቶ 24 ሜትር ከፍ የሚያደርገውን የፋልከርክ ዊል እዩ፤ እ.ኤ.አ. በ2002 ነው የተከፈተው። ጀርመን፣ ማግደቡርግ አጠገብ 918 ሜትር የሚረዝም የውሃ ድልድይ አለ፤ መርከብ ከወንዝ በላይ ሲሻገር ታያላችሁ። ደቡብ ፈረንሳይ 240 ኪሎ ሜትር የሚዘልቀው ካናል ዱ ሚዲ የተባለው የጀልባ ቦይ እ.ኤ.አ. ከ1681 ጀምሮ አለ። ስዊድን ውስጥ የዮታ ካናል ጀልባዎችን እንደ ደረጃ የሚያወጡና የሚያወርዱ 58 የውሃ በሮች አሉት። ስቶክሆልም ውስጥ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1628 የሰጠመችውና በ1961 የወጣችው ቫሳ መርከብ ሙዚየም ውስጥ ቆማለች።

ባለፈው ዓመት አንድ ባልና ሚስት መኪናውን ሲመልሱ ስለ መኪናው አንድ ነገር አላወሩልኝም። ያወሩልኝ ስለ አንድ የውሃ በር ነው። ቡናቸውን ይዘው ዳር ላይ ተቀምጠው ሳለ አንዲት ሴት ብቻዋን ጀልባ ይዛ ገባች። ውሃው ሲሞላ ጀልባዋ ወዲያና ወዲህ ትላለች። ሚስትየው ኩባያዋን አስቀምጣ እጇን ዘረጋች። ሴትዮዋ ምንም ሳትል ገመዱን ወረወረችላት።