ከቫይረሱ በፊት አይጧን እወቁ

ደሴ ላይ ላብራቶሪ ተምረው የጨረሱ ልጆች አንድ ጥያቄ ደጋግመው ያነሱብኛል። «ቢንቢ የሚያስተላልፋቸው ቫይረሶች እንዴት እንደሚያሳምሙ በአይጥ ላይ ማጥናት እፈልጋለሁ። ከየት ልጀምር?» ሁሉም ከቫይረሱ መጀመር ይፈልጋሉ። እኔ ግን ጤነኛ አይጥ ፊት አስቀምጬ ሁለት ሳምንት እንዲያዩዋት አደርጋለሁ። ያኮርፋሉ። አብሽሩ፣ ምክንያት አለኝ።

ለእኔ ነገሩ የጀመረው ኮምቦልቻ ባለው አጎቴ ነው። የጭነት መኪና ሹፌር ነው። በ2011 ዓ.ም. ክረምት ድሬዳዋ ላይ በቢንቢ የሚተላለፈው ቺኩንጉንያ ሲነሳ እዚያ ነበር። ትኩሳቱ በሳምንት ውስጥ ለቀቀው። ቁርጭምጭሚቱና የእጁ አንጓ ግን እስከ ጥር አልለቀቁትም። ጠዋት ከአልጋ ሲወርድ ግድግዳ ይዞ ነበር። በሽታው መጀመሪያ የታወቀው እ.ኤ.አ. በ1952 በዛሬዋ ታንዛኒያ ነው። ስሙ የማኮንዴ ቋንቋ ሲሆን ሰውን የሚያጎብጥ ማለት ነው። አጎቴን ያየ ሰው አስተርጓሚ አያስፈልገውም።

አንድ ቀን ቡና ላይ «ትኩሳቱ ከሄደ መገጣጠሚያዬን የያዘው ምንድነው?» አለኝ። የዚህ ሙያ ትልቁ ጥያቄ ይኸው ነው። ሰው መገጣጠሚያ ውስጥ በየቀኑ ገብቶ ማየት አይቻልም። አይጥ የምታስፈልገው ለዚህ ነው።

መጀመሪያ የትኛዋ አይጥ ለየትኛው በሽታ እንደምትሆን ለዩ። ሌሎቹን የቢንቢ ቫይረሶች፣ ደንጊንና ዚካን፣ ለተራ አይጥ ብትሰጧት ብዙ ጊዜ ምንም አትሆንም። ሰውነታችን ቫይረስ ሲገባበት ኢንተርፌሮን የሚባል የማንቂያ ደወል ይደውላል። ደንጊና ዚካ በሰው ሴል ውስጥ ስታት2 የሚባለውን ፕሮቲን ስለሚያጠፉ ደወሉ ሰሚ ያጣል። የአይጧን ስታት2 ግን ማጥፋት አይችሉም። ስለዚህ ተመራማሪዎች ለኢንተርፌሮን ጆሮ የሌላት ተደርጋ የተራባች አይጥ ይጠቀማሉ። እሷ ትታመማለች። ዋጋ ግን አለው። መከላከያዋ ግማሹ በተነሳ አይጥ ላይ ስለ ሰውነት መከላከያ የሚገኝ መልስ ሁሌም በጥርጣሬ ይነበባል። ቺኩንጉንያ ላይ ሁኔታው ይሻላል። ብላክ ሲክስ የምትባለው ተራዋ ጥቁር አይጥ እግሯ ሲያብጥ በዓይን ይታያል። ለጀማሪ ይህን ነው የምመክረው።

ቫይረሱ ያለበት ሥራ የሚሠራው በዝግ ላብራቶሪ፣ በፈቃድና የሥነ ምግባር ኮሚቴ ካጸደቀው በኋላ ነው። እኔም የተማርኩት ውጭ አገር ነው። እጅን፣ ዓይንንና መዝገብን ግን ደሴም ሆናችሁ በጤነኛ አይጥ ማሠልጠን ትችላላችሁ።

ከአያያዝ ጀምሩ። በጅራቷ አታንሷት። ድሮ ሁሉም እንደዚያ ያነሳ ነበር፣ እኔም። በጅራት የተነሳች አይጥ ትደነግጣለች፣ የደነገጠች አይጥ ደግሞ ልኬታችሁን ታበላሻለች። በእፍኝ አንሷት፣ ወይም የፕላስቲክ ቱቦ አስገቡላትና ራሷ ስትገባ ከነቱቦው አንሱ። ሽታም ተጠንቀቁ። እኛ ወሎዎች ያለ ዕጣን ቡና አይሆንልንም። ዕጣን የታጠነ ልብስ ለብሳችሁ አይጥ ክፍል አትግቡ። ጋዋኑ እዚያው ይደር።

ከዚያ ሚዛን። ያደገች አይጥ 20 ግራም አካባቢ ወይም ትንሽ በለጥ ብላ ትመዝናለች። ስለዚህ አንድ ግራም ቀልድ አይደለም። ጀማሪ ሳለሁ አንድ ቀን ጠዋት፣ በማግስቱ ከሰዓት መዘንኩ። ስድስቱም አይጦች ቀንሰው አገኘኋቸው። ታመሙ ብዬ ሮጬ ለአለቃዬ ነገርኩ። ለካ ምንም አልሆኑም። አይጥ ሌሊት ትበላለች፣ ቀን ትተኛለች። ጠዋት ሆዷ ሙሉ ነው፣ ከሰዓት ጎድሏል። ጠዋት 3 ሰዓት ካላችሁ ሁልጊዜ 3 ሰዓት ይሁን።

ደሴ ላይ ደግሞ ብርዱ አለ። ክፍሉ ሌሊት ከቀዘቀዘ አይጧ ሙቀት ለማምረት ጉልበቷን ትጨርሳለች። ማሞቂያ ከሌለ የምታገኙት ልኬት የደሴን ብርድ እንጂ የበሽታውን አይነግራችሁም። ሰጋቱራውን ወፈር አድርጉት።

አሁን ወደምወደው ነገር ልምጣ፣ ሶፍት። ማታ አንድ ሶፍት ሰጋቱራው ላይ ጣል አድርጉ። ጤነኛ አይጥ እስኪነጋ በጥርሷ ተልትላ ክብ ጎጆ ትሠራበታለች። ጠዋት ስትከፍቱ መሃሉ ላይ ተጠቅልላ ታገኟታላችሁ። የታመመችው ጋ ሶፍቱ እንዳለ ጥግ ላይ ተቀምጦ ይጠብቃችኋል። አይጥ የሚበላት እንስሳ ስለበዛ ሕመሟን ትደብቃለች። ሰው ሲመጣ ተነስታ ትሄዳለች፣ ጤነኛ ትመስላለች። ሶፍቱ ግን አይዋሽም። ፊቷንም እዩ፤ ዓይኗ ጠበብ፣ ጆሮዋ ወደ ኋላ ዞር፣ ጸጉሯ ቆም ካለ አሟታል።

ቺኩንጉንያ ላይ የውስጥ እግሯ ስፋትና ውፍረት በየቀኑ በካሊፐር ይለካል። ጋራዥ ውስጥ ብሎን የሚለካበት ዓይነት ነው፤ አጎቴ ሲያየው ሳቀ። ያበጠ ሥጋ ለስላሳ ነው። ጫን ካላችሁ ይሰረጉድና እብጠቱ ቀነሰ ብላችሁ ትጽፋላችሁ። ካሊፐሩ ቆዳውን ነካ ያድርግ እንጂ አይቆንጥጥ። በራሳችሁ የጆሮ ጫፍ ላይ ተለማመዱ። አሥር ጊዜ ለክታችሁ አሥሩም ቁጥር ከተቀራረበ አልፋችኋል። ከቫይረሱ በፊት ያለውን የመጀመሪያ ቀን ልኬት አትርሱ። ቫይረስ የሌለበት ፈሳሽ ብቻ የተወጉ አይጦችም ጎን ለጎን ይኑሩ፣ መርፌው ራሱ ጥቂት ያሳብጣልና። እብጠቱ በሁለተኛውና ሦስተኛው ቀን ትንሽ ብቅ ይላል፤ ትልቁ የሚመጣው በስድስተኛው ቀን አካባቢ ነው።

ስትለኩ የትኛዋ ምን እንደተወጋች አታውቁ። ሳጥኖቹ ላይ ሌላ ሰው ቁጥር ይለጥፍ። ይህን ንቄ አንድ ጊዜ እያወቅሁ ለካሁ። ልዩነቱ ትልቅ ወጣ፣ ደስ አለኝ። ጓደኛዬ ሳታውቅ ስትለካው ግማሹ ልዩነት ጠፋ። ሆን ብዬ አልዋሸሁም፤ እጄ ነው የፈለግሁትን ያገኘልኝ።

የአጎቴም መልስ የተገኘው እንዲህ ባለ ልኬት ነው። ሲዲ4 የሚባሉት ነጭ የደም ሴሎች የሌሏት አይጥ ቫይረሱ ውስጧ እያለ እግሯ ብዙም አያብጥም። እብጠቱን የሚያባብሰው ቫይረሱን ሊያባርር የመጣው የራሷ ሠራዊት ነው። ይህን ስነግረው ስኒውን አስቀመጠና «ሌባ ልያዝ ብሎ ገብቶ ዕቃ የሚሰባብር ዘበኛ በለኛ» አለ። ከዚህ የተሻለ ማብራሪያ ክፍል ውስጥ ሰጥቼ አላውቅም።

አንድ ነገር ግን ጥናቱ ሳይጀመር በወረቀት ይስፈር፤ የት ላይ እንደምታቆሙ። ብዙ ቦታ አንዲት አይጥ ክብደቷን 20 በመቶ ካጣች ይበቃል ይባላል። ቁጥሩ ላይ ስትደርስ በዚያው ሰዓት በማደንዘዣ ሞታ ከስቃይዋ ትገላገል። ነገ ጠዋት አንድ ልኬት ይጨመርልኛል ብላችሁ አታሳድሯት።